የ39 ለ20 ምርጫ

ልዩ ልዩ ሃይማኖት ያለው ሕዝብ በዴሞክራሲ እንዴት እንደሚተዳደር አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ የመጽሔቱ አዘጋጆች በጠየቁኝ ጊዜ የሕንድን አገር መረጥሁ። የመረጥሁበትም አንዱ ምክንያት ከአያቴ የሰማሁት ታሪክ ነው። ሌላው ግን ባለፈው ዓመት በክፍላችን የሆነ፥ እኔንም የሚያሳፍረኝ ነገር ነው። የሚያሳፍረውን ባልናገረው ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን እርሱን ደብቄ የሕንዶችን ጥፋት ብቈጥር፥ የራሴ ቤት እየጨሰ በጎረቤት ጭስ መሳቅ ይሆንብኛል። ስለዚህ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ባለፈው ዓመት 11ኛ ክፍል ሳለን የክፍላችንን ተጠሪ እንድንመርጥ ተነገረን። 59 ተማሪዎች ነበርን። ለውድድር የቀረብነው ሁለት ነን፤ እኔና ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ አብሮኝ የተቀመጠ ጓደኛዬ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እርሱ ሙስሊም ነው። ይህን እስከ ዛሬ ድረስ በወረቀት ላይ መጻፍ አስፈልጎኝ አያውቅም። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ እንደ ቁመትና እንደ መልክ የሚታይ እንጂ የሚነገር ነገር አይደለም። የአያቴ ታላቅ እኅት የሙስሊም ቤት እመቤት ነበሩ። በዘመዶቻችን ዘንድ ሠርግ ሲደገስ ሁለት በሬ ይጣላል፤ አንዱ በክርስቲያን እጅ፥ አንዱ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፤ ወጡም በሁለት ጎጆ ይሠራል። ዘፈኑ ግን አንድ ነው።

በምርጫው ዋዜማ ማታ ንግግሬን እየጻፍሁ ሳለሁ አንድ የክፍላችን ልጅ እቤት ድረስ መጣ። ወረቀቱን አይቶ ሳቀና «ስለ ምን ትደክማለህ? የእኛ 38 ነን፤ የእነርሱ 21 ናቸው። ቈጥሬዋለሁ፤ ለልጆቹም ነግሬአቸዋለሁ» አለኝ። «ተው፥ ነውር ነው» ብለው ሦስት ቃል ብቻ ነበር። አልተናገርሁትም። ቁጭ በል አልሁትና እናቴ ሻይ አፈላችልን።

በማግሥቱ ንግግራችንን አሰማን። እኔ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት እንዲሆን፥ በሻይ ቤቱም ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ አልሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ጓደኛዬ ስለ ተበላሹት የውሃ ቧንቧዎችና ስለ ቤተ ሙከራው ዕቃ ጥቂት ተናግሮ ተቀመጠ። በእጁ ሌላ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ነበር፤ ሳይገልጠው ኪሱ ከተተው። ድምፁ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲቈጠር 39 ለ20 ሆነ። ያ ልጅ ያለው ቍጥር ከአንድ ድምፅ በቀር ደረሰ። እኔ ለራሴ ነበር የመረጥሁት። ከ38 በላይ ያለው አንድ ድምፅ የማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ቢቸግረኝ ራሱን ጠየቅሁት። «ለአንተ ነው የሰጠሁት» አለኝና ወደ ክፍል ገባ። ስለ ምን እንዳደረገው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። በትሕትና ነው ብዬ ለራሴ ደመደምሁ።

እንግዲህ ስለ አያቴ ልንገራችሁ። አያቴ በ1950ዎቹ፥ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፥ ሁለተኛ ደረጃ ሲማሩ የሒሳብና የሳይንስ አስተማሪዎቻቸው ሕንዶች ነበሩ። በዚያን ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ አያሌ የሕንድ አስተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከደቡብ ሕንድ፥ ኬራላ ከሚባለው አገር የመጡ ናቸው። በአያቴ ትምህርት ቤት ከነበሩት ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። አንዱ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበሩ፤ በሐዋርያው ቶማስ እንደ ተሰበከ የሚናገረው የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛይቱ ጋራ እኅትማማች ናትና፥ እሑድ እሑድ ከአያቴ ጋራ ቆመው ያስቀድሱ ነበር። ሁለተኛው ሂንዱ ነበሩ፤ ሥጋ ፈጽሞ አይቀምሱም። ተማሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጾሙ መስሏቸው «አባ ጾመኛ» አሏቸው።

አያቴ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ «አገራችሁ የየትኛው ሃይማኖት አገር ናት?» ብለው ሂንዱውን አስተማሪ ይጠይቃሉ። አስተማሪው ጠመኔያቸውን አስቀምጠው «በዚህ ጥያቄ ምክንያት በእኛ አገር እጅግ ብዙ ሰው ሞቷል» አሏቸው። ከዚያ ሰሌዳውን ጠርገው ወደ አልጀብራቸው ተመለሱ። አያቴ ይህን ሲነግሩኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔም ከምርጫው በኋላ የአስተማሪውን መልስ ትርጉም ለማወቅ መጻሕፍት መፈለግ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ።

በ2011 በተደረገው ቈጠራ ከሕንድ ሕዝብ መካከል ከመቶ 79.8 ሂንዱ፥ 14.2 ሙስሊም፥ 2.3 ክርስቲያን፥ 1.7 ሲክ ነው፤ ቡድሂስቶችና ጃይኖችም አሉ። ከመቶ 14 ሲባል ጥቂት ይመስላል። ሲቈጠር ግን 172 ሚሊዮን ሰው ያህል ነው፤ ይህም ከመላው የኢትዮጵያ ሕዝብ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ሕዝብ በምርጫ ልተዳደር ሲል ችግሩ ወዲያው ይታያል። ምርጫ ቍጥር ነውና፥ ሰው ሁሉ በሃይማኖቱ ከተቈጠረ ውጤቱ ከምርጫው ቀን በፊት የታወቀ ነው። 38 እና 21።

ይህን የፈሩ የሙስሊም መሪዎች በእንግሊዝ ግዛት ዘመን፥ በ1906፥ ለገዢው ቀርበው በብዛት እንዳንዋጥ የራሳችን መራጭና የራሳችን እንደራሴ ይኑረን ብለው ለመኑ። በ1909 የወጣው ሕግም ፈቀደላቸው፤ ሙስሊሙ በተለየ መዝገብ እየተጻፈ የራሱን እንደራሴ ብቻውን ይመርጥ ጀመር። ፍርሃታቸው ከንቱ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ በክፍላችን ከ21ዱ አንዱ ብሆን እኔም እንዲሁ እለምን ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ ሌላ በሽታ አመጣ። የወገኑ ድምፅ ብቻ የሚበቃው ተወዳዳሪ ከሌላው ጋራ የሚነጋገርበት ምክንያት የለውም። ከወገኑ መካከልም አሸናፊ የሚሆነው ስለ ወገኑ አብልጦ የጮኸው ነው። በጊዜው አገር የገዙት እንግሊዞችም በዚህ መለያየት አልተጐዱም።

በኦገስት 1947 እንግሊዞች ሲወጡ አገሪቱ ሕንድና ፓኪስታን ተብላ ለሁለት ተከፈለች። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። የሞተውን ሰው ዝቅ አድርገው የሚገምቱት ብዙ መቶ ሺህ ይሉታል፤ ከፍ አድርገው የሚገምቱት ከአንድ ሚሊዮን ያሳልፉታል። ማኅተማ ጋንዲም በጃንዋሪ 30 ቀን 1948 ለሙስሊሞች አደላ ብሎ በጠላቸው በአንድ አክራሪ ሂንዱ ጥይት ተገደሉ። የአያቴ አስተማሪ ጠመኔያቸውን ያስቀመጡት ይህን አስበው ይመስለኛል። በ1950ዎቹ እዚህ ያስተምሩ ከነበረ፥ ያ ሁሉ ሲሆን ልጅ ወይም ጐልማሳ ነበሩ።

እንግዲህ የሚገርመው ከዚህ በኋላ የተደረገው ነው። ፓኪስታን በሙስሊሞች ስም ስትቋቋም፥ ሕንድም እንግዲያውስ የሂንዱዎች አገር ልሁን ብትል ማን ይከለክላት ነበር? ብዙ ሰው ይህን ይጠብቅ ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን በጃንዋሪ 26 ቀን 1950 በሥራ ላይ ሲውል መንግሥቱን ለማንም ሃይማኖት አልሰጠውም። የአርቃቂው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ዶክተር አምቤድካር ነበሩ፤ እርሳቸውም የማይነኩ ተብለው ከሚናቁት ወገን የተወለዱ ናቸውና ብዛት ያለው ወገን ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ አልተማሩትም። ሕገ መንግሥቱ በ17ኛው አንቀጽ ያንን ንቀት ሻረ። በ28ኛው፥ መንግሥት ሙሉ ወጪውን በሚችለው ትምህርት ቤት የሃይማኖት ትምህርት እንዳይሰጥ ከለከለ። በ325ኛው ደግሞ ለአንድ የምርጫ ክልል አንድ የመራጮች መዝገብ ብቻ እንዲኖር፥ ማንም በሃይማኖቱ ምክንያት ከመዝገቡ እንዳይወጣ ወይም በተለየ መዝገብ እንዳይጻፍ አዘዘ። በ1909 የተጀመረው ነገር እዚህ ላይ አበቃ። እኔ ከሕገ መንግሥቱ ሁሉ ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ፤ ምንም የሚያምር ቃል የለበትም።

እነርሱ ሴኩላሪዝም የሚሉት ነገር ሃይማኖትን ከአደባባይ ማባረር አይደለም። «ሴኩላር» የሚለው ቃል እንኳ ወደ ሕገ መንግሥቱ መግቢያ የገባው በ1976 ነው። የሕንድ መንግሥት ለሁሉም በዓል ሥራ ይዘጋል፤ የመቅደስን በር ለማይነኩት ይከፍታል፤ እስከ 2018 ድረስም ለሐጅ ተጓዦች ድጎማ ይሰጥ ነበር። ሐሳቡ ከሁሉም እኩል መራቅ፥ ወይም ለሁሉም እኩል መቅረብ ነው። ለመናገር ይቀላል። በ2004 አንድ ጊዜ ነገሩ በዓይን ታየ፤ ፕሬዚዳንቱ አብዱል ካላም ሙስሊም፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግ ሲክ፥ የገዢው ፓርቲ መሪ ሶንያ ጋንዲም ከካቶሊክ ቤተ ሰብ የተወለዱ ነበሩ።

ነገር ግን ይህን ብቻ ጽፌ ባቆም ውሸታም እሆናለሁ። በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲን ሁለት ሲክ ዘበኞቻቸው በገደሉ ጊዜ፥ በዴልሂ ከተማ ብቻ 3,000 የሚጠጉ ሲኮች ተገደሉ፤ በሥልጣን ላይ የነበረውም ሴኩላር ነኝ የሚለው የኮንግሬስ ፓርቲ ነበር። የዚሁ ፓርቲ መንግሥት በ1986 ያደረገውን ደግሞ ተመልከቱ። ሻህ ባኖ የተባሉ ሙስሊም እናት ከ40 ዓመት በላይ አብረው ከኖሩ በኋላ በ62 ዓመታቸው ባላቸው ፈቷቸው ቀለብ ከለከላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1985 ቀለብ ይቈረጥላቸው ብሎ ፈረደ። በሕንድ አገር የጋብቻና የፍቺ ሕግ በየሃይማኖቱ ነውና ብዙ የሙስሊም መሪዎች ሃይማኖታችን ተነካ ብለው ተቈጡ። እኛም ብንሆን በሕገ መንግሥታችን 34ኛ አንቀጽ ባለ ጉዳዮቹ ከተስማሙ እንዲህ ያለውን ክርክር በሃይማኖት ሕግ ማየት ይቻላል ብለናል፤ ስለዚህ ነገሩ ሩቅ አይደለም። መንግሥቱም የሙስሊም ድምፅ እንዳይሸሸው ፈርቶ ፍርዱን የሚያጠብ ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት በአዮድያ ከተማ ራማ የተባለው አምላካቸው እዚህ ተወልዷል እያሉ ብዙ ሂንዱዎች የሚከራከሩበት የባብሪ መስጊድ መቆለፊያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሂንዱዎች ጸሎት ተከፈተ። ብዙ ጸሐፊዎች ሁለቱን ነገር አያይዘው ያዩታል፤ ለአንዱ ወገን የተሰጠውን ለሌላው በመስጠት ማስታረቅ ታስቦ ነበር ይላሉ። ማንም አልታረቀም። የአሮጊቷ ቀለብም በመካከል ተረሳ።

ቍጥሩ የተናገረውን ላሳያችሁ። የሂንዱዎችን ስም ይዞ የተነሣው ቢ. ጄ. ፒ. የተባለው ፓርቲ በ1984 ምርጫ ያገኘው 2 መቀመጫ ብቻ ነበር። መስጊዱ በቆመበት ቦታ መቅደስ ይሠራ እያለ ሲቀሰቅስ በ1989 85፥ በ1991 ደግሞ 120 አገኘ። በዲሴምበር 6 ቀን 1992 የተሰበሰበው ሕዝብ መስጊዱን በእጅና በመዶሻ አፈረሰው። ከዚያ በተነሣው ብጥብጥ 2,000 ያህል ሰው ሞተ፤ የሚበዙትም ሙስሊሞች ነበሩ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማፍረሱ ሕግ መጣስ ነበር አለ፤ ቦታውን ግን ለመቅደሱ ሰጠ፥ ለሙስሊሞችም በሌላ ስፍራ 5 ኤከር መሬት ይሰጣቸው አለ። መቅደሱ በጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በተገኙበት ተመረቀ።

አሁን ወደ ክፍሌ የሚመልሰኝ ነገር ላይ ደረስሁ። ሕንዶች በ1951 ያወጡት የምርጫ ሕግ በ123ኛው አንቀጹ፥ ተወዳዳሪ በሃይማኖት ስም ምረጡኝ ወይም እርሱን አትምረጡት ቢል፥ በሃይማኖት ምልክትም ቢቀሰቅስ፥ ምርጫው ይፈርስበታል ይላል። ይህን ሳነብ የዚያን ማታ እንግዳዬን አስታወስሁ። የእኛ ምርጫ በሕንድ ዳኛ ፊት ቢቀርብ ይፈርስ ነበር ብዬ አሰብሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ክርክሩ ደጋግሞ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቀርቧል። በ1995 «ሂንዱትቫ» እያሉ የቀሰቀሱ የማሃራሽትራ ክፍለ አገር ፖለቲከኞች ተከሰው ነበር። ዳኞቹ ይህ ቃል ሃይማኖትን ብቻ ሳይሆን የሕዝቡን የአኗኗር መንገድ ሊያመለክት ይችላልና ቃሉን መጥራት ብቻውን በሃይማኖት ድምፅ መለመን አይደለም አሉ። አንደኛው ተከሳሽ በሌላ፥ ሃይማኖት በግልጥ በተጠራበት ንግግር ምክንያት ምርጫው ፈረሰበት። ሌላው ግን በማሃራሽትራ የመጀመሪያውን የሂንዱ መንግሥት እናቋቁማለን ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ዳኞቹም ይህ ተስፋ መግለጥ ነው ብለው ለቀቁት። ሌላው ክርክር በጃንዋሪ 2 ቀን 2017 ተፈረደ። ጥያቄው ሕጉ የሚከለክለው በተወዳዳሪው ሃይማኖት ስም መለመንን ብቻ ነው፥ ወይስ በመራጩም ሃይማኖት ጭምር? የሚል ነበር። ሰባት ዳኞች ተቀምጠው አራቱ በመራጩም ጭምር ነው አሉ። ሦስቱ ግን አልተስማሙም። የሦስቱን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ቻንድራቹድ፥ ሰዎች በሃይማኖታቸው ወይም በትውልዳቸው ምክንያት በደል ደርሶባቸው ከሆነ፥ ስለዚያ በደል በምርጫ ጊዜ እንዳይናገሩ መከልከል ዴሞክራሲን ባዶ ቃል ማድረግ ነው በማለት ተከራከሩ።

መጀመሪያ ሳነብ ከአራቱ ጋራ ነበርሁ። በኋላ ግን ጓደኛዬ በዚያ ቀን ያልገለጠው ወረቀት ምን እንደ ነበረበት ከሌላ ልጅ ሰማሁ። ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ይሰጥ የነበረው የኬሚስትሪ ማካካሻ ትምህርት ከጁምዓ ሶላት ጋራ ይጋጭ ነበርና ሰዓቱ እንዲለወጥ ሊጠይቅ ነበር። ሊነሣ ሲል «ለራሱ ወገን ነው የመጣው ይሉሃል» ብለው ጓደኞቹ ስለ ነገሩት ተወው። እኔስ? የረቡዕና የዓርብ የጾም ምግብ ጠይቄ ነበር። ማንም ለወገኑ ነው አላለኝም። የተማሪዎች ጥቅም ተባለና ተጨበጨበ።

በ1995 የተፈረደውን ያን ጊዜ በደንብ የገባኝ መሰለኝ። የብዙው ሃይማኖት የአኗኗር መንገድ ይባላል፤ የጥቂቱ አኗኗር ግን ሃይማኖት ይባላል። የጾም ምግብ ክፉ ነገር ነው ማለቴ አይደለም፤ ዛሬም በሻይ ቤቱ ሽሮ ስበላ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ብዙ በመሆኔ ያልተሰማኝን ድምፄን ሌላው እንደ ሰማው አላወቅሁም ነበር። ስለዚህ ሕግ አውጥቶ ቃሉን ብቻ መከልከል ምን ይጠቅማል? ዝም ያለውን ዝም ያሰኛል፤ ብዙው ግን ቃል ሳይናገር በቍጥር ብቻ ያሸንፋል። እኔ በንግግሬ የማንንም ሃይማኖት አልጠራሁም፤ የጠራልኝ ሌላ ሰው ነው፥ ያውም ማታ፥ በቤቴ፥ ሻይ እየጠጣ። እንግዲህ 123ኛው አንቀጽ እኔን በምን ይይዘኛል?

ሆኖም የሕጉን አስፈላጊነት ፈጽሞ ልክድ አልችልም። በኮርቻው ላይ ልጓም ባይኖር ፈረሱ የት እንደሚደርስ ከ1984 እስከ 1992 ያለው ታሪክ ይነግረናል። ዛሬም ቢሆን፥ በ2019 የወጣውን የዜግነት ሕግ የሚያይ ሰው ነገሩ እንዳላለቀ ያውቃል። ሕጉ ከአፍጋኒስታን፥ ከባንግላዴሽና ከፓኪስታን ለተሰደዱ ሂንዱዎች፥ ሲኮች፥ ቡድሂስቶች፥ ጃይኖች፥ ፓርሲዎችና ክርስቲያኖች የዜግነትን መንገድ ሲያቀና ሙስሊሞችን ከዝርዝሩ አስቀርቷል። ደጋፊዎቹ በእነዚያ አገሮች የሚበደሉት እነዚህ ናቸው ይላሉ። በደል ደርሶበት የመጣ ሙስሊም ግን በደሉ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ስሙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝን ግን አልነገርኋችሁም። መቅደሱ ከተመረቀ ከአምስት ወር በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፥ በ2024፥ ከ640 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ የሰጠበት ጠቅላላ ምርጫ ተደረገ። ቢ. ጄ. ፒ. በ2019 ይዞት ከነበረው 303 መቀመጫ ወደ 240 ወረደ። አዮድያ የምትገኝበት ፋይዛባድ የተባለው የምርጫ ክልልስ ለማን ሆነ? ለተቃዋሚው ፓርቲ ተወዳዳሪ፥ ለአዋዴሽ ፕራሳድ። እኒህም ሰው ቀድሞ የማይነኩ ይባል ከነበረው ወገን ናቸው፤ ያሸነፉትም ለዚያ ወገን ባልተመደበ፥ ለሁሉም ክፍት በሆነ መቀመጫ ነው። የክልሉ ሕዝብ አብዛኛው ሂንዱ ነው። ጋዜጠኞች ሄደው ሲጠይቁ ሰዎቹ ለመንገድ ማስፊያ ስለ ፈረሰባቸው ሱቅና ቤት፥ ስለ ካሣው፥ ስለ ሥራ ማጣት ነገሯቸው። ለዚያ መቅደስ ሠላሳ ዓመት ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች በመካከላቸው እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። ዘወትር ሊጸልዩበት ይሄዱ ይሆናል። ወደ ድምፅ መስጫው የሄዱት ግን ሱቃቸውን አስበው ነው። በዋዜማው አንድ ሰው ቈጥሮአቸው ቢሆን ኖሮ ቍጥሩ ይሳሳትበት ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጆቹ ከመስጠቴ በፊት ለአያቴ አነበብሁላቸው። «አባ ጾመኛ» የሚለውን ሲሰሙ ሳቁ፤ ስለ ምርጫው የጻፍሁትን ሲሰሙ ግን ዝም ብለው ቆዩና «ለልጁ አሳይተኸዋል?» አሉኝ። አላሳየሁትም ነበር። እውነቱን ለመናገር ታትሞ ከወጣ በኋላ ቢያነበው ይሻለኝ ነበር። በማግሥቱ ወረቀቱን ሰጠሁት፤ በዕረፍት ሰዓት ከዛፉ ሥር ተቀምጦ አነበበው። ስለ ሻህ ባኖ የጻፍሁት ትንሽ ነው አለኝ፤ እርሱ ከእኔ ይልቅ ስለ ነገሩ አንብቧል። የዓርቡ ማካካሻ ትምህርት ሰዓቱ በዚህ ዓመት እንደ ተለወጠ አስታወሰኝ፤ የጠየቀውም እኔ ሳልሆን የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ራሳቸው እንደ ሆኑ ጨመረ፤ ይህም እውነት ነው።

ከዚያ «አንድ የተሳሳትኸው ነገር አለ» አለኝና በእርሳስ አሰመረበት። ያሰመረበት «በትሕትና ነው ብዬ ለራሴ ደመደምሁ» ያልሁት ላይ ነው።

«ቤታችን ሰባት ልጆች ነን። መብራት ሲጠፋ የማጠናበት ቦታ የለኝም» አለኝ። «ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 12 ሰዓት ይከፈት ብለህ ነበር። ለእርሱ ነው የመረጥሁህ። እስከ ዛሬ ግን በ10 ሰዓት ይዘጋል።»